የወተት ፍየልን ስለ ማዳቀል

ፍየል የድኻ ላም ናት ይባላል። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ላም የሚገዛበት ገንዘብ፣ ለላምም የሚበቃ ግጦሽ የሌለው ባላገር በጓሮው ሁለት ወይም ሦስት ፍየሎች አስሮ ሊያረባ ይችላልና። ነገር ግን የአገራችን ፍየል በብዙ ዘመን የተፈተነችው ድርቅንና በሽታን በመቋቋም እንጂ በወተት አይደለም። ስለዚህ ግልገሏ ከጠባ በኋላ ለቤት የሚተርፈው ወተት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሊትር አያልፍም። ይህን ወተት ለማብዛት ሲባል የአገሩን ዘር ከውጭ ዘር ጋር የማዳቀል ሐሳብ ተነሣ።

በወተት ከታወቁት ዘሮች መካከል ሳነንና ቶገንበርግ የተገኙት ከስዊስ ተራሮች ነው። ሳነን ነጭ በመሆኗ የቆላ ፀሐይ ቆዳዋን ይጎዳታል። አንግሎ ኑቢያን የተባለችው ግን በእንግሊዝ አገር የተፈጠረችው ከአፍሪካ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከህንድ በሄዱ አውራዎች ስለ ሆነ ሙቀትን ከሁለቱ ይልቅ ትችላለች፤ ጆሮዋ ረዥምና የተንጠለጠለ፣ አፍንጫዋም ጉብ ያለ ነው፤ ወተቷ ቅቤ ይበዛዋል።

በአገራችን ይህ ዘር በሰፊው የተሞከረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1989 እስከ 1997 ድረስ ነበር። ፋርም አፍሪካ የተባለው የርዳታ ድርጅት ከእርሻ ሚኒስቴር፣ ከዓለማያ ዩኒቨርሲቲና ከአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ጋር ሆኖ የአንግሎ ኑቢያን አውራዎችን ከሱማሌ ፍየል ጋር አዳቀለ። ፍየሎቹ የተሰጡት ለድኻ ሴቶች፣ በብድር ነበር፤ ብድሩም የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በግልገል ነው። ይህ ሥርዐት እጅግ የሚመሰገን ነው፤ ባልቴቲቱ ለማኝ ሳትሆን ባለ ንብረት ሆና ለጎረቤቷ ፍየል የምታስተላልፍበት መንገድ ነበርና።

ይሁን እንጂ በምሥራቁ ደጋ የተደረገና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ወተቱን፣ ሥጋውንና ፍጉን አንድ ላይ ቈጥሮ ሲያመዛዝን፣ ድቅሎቹ ከአገሩ ፍየል የበለጠ የተጣራ ጥቅም እንዳልሰጡ አስታወቀ። ይህ ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። ሆኖም ምክንያቱን መርምሮ ለሚያይ ሰው የሚያስገርም አይደለም፤ ትልቅ አካል ትልቅ ምግብ ይሻል፤ ግት በዘር ቢሰፋም የሚሞላው በመኖ ነው። እንግዲህ መኖውን ሳያዘጋጁ አውራውን ማምጣት «ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ» ይሆናል። ድቅል ፍየል የሚሻ ሰው አስቀድሞ በአጥሩ ዙሪያ ሰስባኒያ ወይም ሉኪኒያ፣ በደጋም ትሪ ሉሰርን ይትከል። የስኳር ድንች ሐረግና፣ ጠላ በሚጠመቅበት አገር ደግሞ አተላው የማይናቅ ረዳት ነው። ውሃም እንዳይጐድልባት፤ የምትታለብ ፍየል ከማትታለበው ይልቅ ብዙ ትጠጣለች።

የዘሩ ስሌት እንዲህ ነው። ንጹሕ የውጭ አውራ የአገሩን እንስት ሲያስጠቃ ግልገሉ እኩሌታ ይሆናል፤ ይህ የመጀመሪያው ድቅል ከሁለቱም ወገን ጥንካሬ ስለሚያገኝ ከሁሉ ይልቅ የተመቸ ነው። እኩሌታዪቱ እንደ ገና ከንጹሑ አውራ ብትወልድ ልጅዋ ከአራት ሦስት እጅ የውጭ ዘር ይኖራታል። ወተቷ ይጨምር ይሆናል፤ ነገር ግን ለበሽታና ለረኀብ ያላት ትዕግሥት ይቀንሳል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ለአነስተኛ ባላገር ከእኩሌታው ማለፍ አይበጅም። እኩሌታን ከእኩሌታ ማስጠቃት ይቻላል፤ ብቻ ግልገሎቹ አንዱ ወደ አያቱ፣ ሌላው ወደ ሌላው ስለሚያዘነብሉ፣ የማይረቡትን ወንዶች ቀጥቅጦ ለሙክት ማድለብ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው አንድን አውራ በመንደር ውስጥ ረዥም ዘመን ማቈየት ነው። አውራው ለገዛ ሴት ልጆቹ ከደረሰ ደም ከደም ይገናኝና ግልገሉ የደከመ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሴት ልጆቹ ለስሪያ ሳይደርሱ ከሌላ ቀበሌ አውራ ጋር መለዋወጥ ይገባል። ለአንድ ቤት አውራ መቀለብ ከባድ ስለ ሆነ ጎረቤቶች ተባብረው አንዱን ቢይዙ ይሻላል። እንስቲቱ ካላረገዘች በየ21 ቀኑ ገደማ አውራ ትሻለች፤ ጅራቷን ታወዛውዛለች፣ ትጮኻለች፤ ይህም የሚቈየው አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነውና ቶሎ ይወሰድላት። ካረገዘች በአምስት ወር ትወልዳለች። የተጠቃችበትን ቀን መጻፍ፣ ማንበብ ለማይችልም በግድግዳ ላይ ምልክት ማድረግ፣ የሚደርስበትን ጊዜ ለማወቅና የአባቱን ማንነት ላለመርሳት ይረዳል።

የአውራው ሽታ ወደ ወተት ስለሚገባ ከምትታለበው አርቆ ማሰር ያሻል። ውርጃ የሚያመጣው የብሩሴላ በሽታ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋልና፣ ለሕፃን የሚሰጠው የፍየል ወተት ሁልጊዜ ይፈላ።