የሯጭ ገቢና የቆቦ ሽንኩርት፤ ሁለቱም ቀን አይጠብቁም

የሽንኩርት ነጋዴ ዋነኛ ጠላት ሌባ አይደለም፤ ቀን ነው። በቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ሜዳ፣ ከከርሰ ምድር በሚወጣ ውኃ የሚለማ ሽንኩርት ማሳ ላይ እያለ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወደድ፣ ተነቅሎ፣ በጆንያ ተሞልቶና በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ እስኪራገፍ ድረስ ትርፉ የማንም አይደለም። በዚያው ሳምንት የሌላ አካባቢ ምርት በብዛት ከገባ ዋጋው ይወርዳል። መኪናው መንገድ ላይ ከተገለበጠም ሒሳቡ ባዶ ነው። ማሽላ ቢሆን ጎተራ ገብቶ የተሻለ ዋጋ ይጠብቃል፤ ሽንኩርት ግን አይጠብቅም።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሽንኩርት አይደለም። ወቅቱ እንደ ሽንኩርት አጭር ስለሆነ፣ ዋጋውም ከአገር ውጭ ስለሚቆረጥ፣ ግን በዶላር ስለሚከፈልበት አንድ የሥራ መስክ ነው። ይህም የረጅም ርቀት ሩጫ ነው። አንባቢዎቻችን ሩጫን በስፖርት ገጽ ማንበብ የለመዱ ቢሆንም፣ አንድ ጊዜ በነጋዴ ዓይን ቢመለከቱት ብዙ ትምህርት ያገኙበታል።

ከቆላው ወደ ደጋው

ከቆቦ ተነስቶ ወደ መቀሌ የሚጓዝ ሰው አላማጣን አልፎ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣል። 1,500 ሜትር ግድም ከፍታ ካለው ሞቃታማ ሜዳ ተነስቶ ጥቂት እንደተጓዘ፣ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለችውን ኮረምን ያገኛል። በቆላው ላቡን ሲጠርግ የነበረው መንገደኛ እዚያ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ከዚያም የአሸንጌን ሐይቅ አልፎ ማይጨው ይገባል።

የሯጭ አገር የሚጀምረው ከዚህ ዳገት በላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ኦክስጅን የሚያመላልሱትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል። ለዚህም ነው በቆጂም ሆነች ሱሉልታ፣ ስማቸው በሩጫ የሚነሳው ቦታዎች ሁሉ ደጋ የሆኑት። ራያ ቆቦ ራሷ ግን ማሽላ፣ ጤፍ፣ ሽንኩርትና ከብት እንጂ የዓለም ሻምፒዮን በማውጣት አትታወቅም።

ከዚያ ደጋ ባሻገር፣ ከትግራይ ገጠር የወጣች አንዲት ሯጭ ግን ለሒሳባችን ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። አትሌት ለተሰንበት ግደይ መጋቢት 11 ቀን 1990 ዓ.ም. እንዳመስቀል በተባለ ቦታ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደች። ተማሪ ሳለች በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም በማለቷ ከትምህርት ቤት እስከ መባረር ደርሳ ነበር። የዚያች ልጅ እግር ኋላ ላይ ምን ያህል እንደሚያወጣ በጊዜው የገመተ ሰው አልነበረም።

በ2007 ዓ.ም. በቻይናዋ ጉይያንግ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በካምፓላ የዓለም አገር አቋራጭ የወጣቶች ሻምፒዮን ሆነች። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ዶሃ ላይ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳሊያ አገኘች። በዚያው ዓመት ኅዳር 7 ቀን በኔዘርላንድ ኒይሜገን ከተማ 15 ኪሎ ሜትርን በ44 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ሦስት ተጨማሪ ክብረ ወሰኖች በእጇ ገቡ።

ክብረ ወሰን ስንት ቀን ይቆያል?

ለነጋዴ አንባቢ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥሩነሽ ዲባባ ግንቦት 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ኦስሎ ላይ በ5,000 ሜትር ያስመዘገበችው 14 ደቂቃ ከ11.15 ሴኮንድ ከ12 ዓመት በላይ ሳይነካ ቆየ። ለተሰንበት መስከረም 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ቫሌንሲያ ላይ በ14 ደቂቃ ከ06.62 ሴኮንድ ሰበረችው። የእሷ ክብረ ወሰን ግን የቆየው ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ብቻ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን ወሰደችው። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ጉዳፍ ፀጋይ በ14 ደቂቃ ከ00.21 ሴኮንድ ወደ ኢትዮጵያ መለሰችው። እሱም ቢሆን በ2017 ዓ.ም. ክረምት ከ14 ደቂቃ በታች በሮጠችው በኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት ተወስዷል።

የ10,000 ሜትሩ ታሪክ ከዚህም ይብሳል። ሲፋን ሐሰን በኔዘርላንድ ሄንግሎ ግንቦት 29 ቀን 2013 ዓ.ም. 29 ደቂቃ ከ06.82 ሴኮንድ ሮጣ ክብረ ወሰን ያዘች። በሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 1፣ በዚያው ስታዲየም ለተሰንበት 29 ደቂቃ ከ01.03 ሴኮንድ ገባች። የሲፋን ንብረት ሁለት ቀን አደረ ማለት ነው። የለተሰንበትም ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ ግንቦት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. በቼቤት ተሰበረ።

ለመሆኑ ክብረ ወሰን እንዲህ በቶሎ የሚረክሰው ለምንድን ነው? ሰው በድንገት ስለፈጠነ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው ተለውጧል። በሶላቸው ውስጥ የካርቦን ዝርግ የተገጠመላቸው ጫማዎች መጥተዋል። በትራኩ ጠርዝ እየበሩ ፍጥነቱን ለሯጩ የሚያሳዩ መብራቶችም ተተክለዋል። ነጋዴ ይህንን ያውቀዋል። አዲስ ማሽን ገበያ ሲገባ የአሮጌው ማሽን ባለቤት ዕቃው ሳይሰበር ዋጋው ይሰበርበታል። የዛሬው ክብረ ወሰን ባለቤትም በትናንቱ ዘመን ስሌት አሥራ ሁለት ዓመት እበላበታለሁ ብሎ ዕቅድ ማውጣት አይችልም።

የሴኮንድ ሽርፍራፊ በዶላር ሲመነዘር

ሐምሌ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦሪገን የተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ሒሳቡን ይበልጥ ያጎላዋል። ለተሰንበት በ30 ደቂቃ ከ09.94 ሴኮንድ አንደኛ ወጣች። ሁለተኛዋ ኬንያዊት ሄለን ኦቢሪ በ30 ደቂቃ ከ10.02 ገባች። በመካከላቸው የነበረው የአንድ ሴኮንድ ስምንት መቶኛ ብቻ ነው። ሽልማቱ ግን ለወርቅ 70,000 ዶላር፣ ለብር 35,000 ዶላር ነበር። ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ 35,000 ዶላር ባለቤቱን ለየ ማለት ነው።

ይህ ገንዘብ እንዳለ ኪስ አይገባም። የአትሌት ማናጀር እንደ ማንኛውም ደላላ ኮሚሽን አለው፤ የተለመደው 15 በመቶ ነው። ከ70,000 ዶላር ላይ 10,500 ሲነሳ 59,500 ይቀራል። የአሠልጣኝ፣ የማሳጅ፣ የልምምድ መኪናና የአሯሯጭ ወጪ ደግሞ ከዚሁ ይወጣል። በዚያ ላይ የውድድር አዘጋጆች የአበረታች መድኃኒት ምርመራው ውጤት ሳይታወቅ ሽልማት አይከፍሉም። በነጋዴ ቋንቋ ሽያጩ የዱቤ ነው። በውድድሩ ማግስት ሯጯን ከበው መሬትና ቤት የሚያሳዩ ደላሎች ይህንን ቢያስቡት ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ከላይ ያነሳነው የተገለበጠ አይሱዙም በሩጫ አለ። የካቲት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ባተርስት በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ለተሰንበት እየመራች መጥታ፣ መጨረሻው መስመር ሊደርስ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩ ወደቀች። ቼቤት አልፋት አሸነፈች። ለተሰንበት እንድትነሳ ሰው ረድቷት ስለነበር በደንቡ መሠረት ውጤቷ ተሰረዘ። የአንደኛው ሽልማት 30,000 ዶላር፣ የሁለተኛው 15,000 ዶላር ነበር። አሥር ኪሎ ሜትር ሮጣ ያገኘችው ዜሮ ነው። ለሽንኩርቱ መኪና ቢያንስ ኢንሹራንስ ይገባለታል።

ገንዘቡ ቢኖርም መንገድ ሲዘጋ

የ5,000 ሜትሩ ክብረ ወሰን በተያዘ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ። በትግራይ ስልክና ባንክ በተቋረጡባቸው ረጅም ወራት፣ ከዚያ አካባቢ የወጡ ሯጮች በውጭ አገር አደባባይ እያሸነፉ ለወላጆቻቸው መደወልም ሆነ ገንዘብ መላክ የማይችሉበት ጊዜ ሆነ። ለተሰንበት የሄንግሎውን ሩጫ የሮጠችው፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘችው፣ ጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ቫሌንሲያ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ ጨርሳ የቀድሞውን ክብረ ወሰን በ70 ሴኮንድ ያሻሻለችው በዚህ ዘመን ነው።

የቆቦ ነጋዴ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ሰው እንዲያስረዳው አይፈልግም። ከተማዋ በሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ እንደገናም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ ወድቃለች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ፣ በዚህ ጎዳና ንብረት ያለው ሰው ሁሉ ሀብት ማለት በእጅ ያለው ብቻ ሳይሆን ሊንቀሳቀስ የሚችለው እንደሆነ በመከራ ተምሯል።

ሁለተኛው ምርት

ታዲያ ወቅቱ አጭር ከሆነ ሯጭ ምን ያድርግ? መልሱን ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ በተግባር አሳይቷል። በትራክ የጀመረውን በጎዳና ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ የዱባይን ማራቶን አሸንፎ 250,000 ዶላር አገኘ። በዚያው ዓመት መስከረም በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር ዕድሜው 35 ነበር። ማራቶን ለሯጭ እንደ መስኖ ነው፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሁለተኛ ምርት ያስገኛል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ኃይሌ እግሩ ገና ሳይደክም ገንዘቡን ወደ ሌላ ሥራ ማዞሩ ነው። ሕንፃ ሠራ፤ ሆቴልና ሪዞርት ከፈተ፤ በመኪና መገጣጠም ተሰማራ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ በተነሳው ሁከት የሻሸመኔና የዝዋይ ሆቴሎቹ ወደሙ። ሀብቱ በአንድ ከተማ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዚያ ሳምንት ኪሣራ የሕይወት ዘመን ኪሣራ ይሆን ነበር። በሐዋሳና በሌሎችም ከተሞች ስለነበረው ግን ሥራው ቀጠለ። ብዙ አትሌቶች ያላቸውን ሁሉ በአንድ ሕንፃ ላይ ማፍሰሳቸውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

ለተሰንበትም ወደ ሁለተኛው ምርት በጊዜ ተሻግራለች። ኅዳር 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ቫሌንሲያ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ49 ሴኮንድ ሮጣ፣ አማኔ በሪሶን ተከትላ ሁለተኛ ወጣች። እስከዚያ ቀን ድረስ ማራቶንን ለመጀመሪያ ጊዜ በሮጠች ሴት እንዲህ ያለ ፈጣን ሰዓት አልተመዘገበም። ያኔ ዕድሜዋ ሃያ አራት ነበር።

ምንዛሪውም ቢሆን ለሯጭ የሚያደላበት ጊዜ አለ። የኦሪገኑ 70,000 ዶላር በወቅቱ የባንክ ዋጋ፣ በ52 ብር ግድም ሲመታ፣ 3.6 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ይሁን እንጂ ብሩ እጥፍ ሆነ ማለት ሀብቱ እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም፤ ብረቱም፣ ሲሚንቶውም፣ ቤቱም ዋጋቸውን ይዘው ይከተላሉ።

ለራያ ባለሀብት

ከቆቦ ገበያ ቀና ብሎ ለተመለከተ ሰው በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራብ የላስታ ደጋ ይታያሉ። ከፍታው እዚያው ነው፤ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው ልጅም እዚያው ነው። የጎደለው በሽንኩርቱ ንግድ ከማሳ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው ዓይነት ሰንሰለት ነው፤ ልጁን የሚያይ አሠልጣኝ፣ ደሞዝ የሚከፍል ክለብ፣ የሚታመን ማናጀር። በማይጨው፣ በደብረ ብርሃንና በበቆጂ የተከፈቱት ማሠልጠኛ ማዕከላት የሰንሰለቱን አንድ ቀለበት በመንግሥት በኩል ለመሥራት የታሰቡ ናቸው። ቀሪውን ለመሥራት የግል ባለሀብት ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፤ ከመቶ ልጆች አንዱ ቢሳካ ትልቅ ነገር መሆኑን አውቆ መግባት አለበት።

አባቶች «ፀሐይ ሳለ ሩጥ፣ አባት ሳለ አጊጥ» ይላሉ። ሯጮቻችን የተረቱን የመጀመሪያ ግማሽ ከማንም በላይ አውቀውታል። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ምርቱን ማስገባትና ከአንድ ጎተራ በላይ ማስቀመጥ ግን የሩጫ ሳይሆን የንግድ ሙያ ነው። ያንን ሙያ የያዙት ደግሞ ይህንን ገጽ የሚያነቡት ሰዎች ናቸው። ከሯጭ ጋር ሲዋዋሉ ምርቱ ገና ማሳ ላይ እንዳለ ሽንኩርት መሆኑን ከዘነጉ፣ በአንድ ወቅት ሁለት ቤት ይከስራል።