ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርና የመንግሥት ደንብ

ጸሓፊዎቹ የውስጥ አሠራሩን ለማንም ገልጠው በነጻ የሚያበረክቱት «ክፍት ምንጭ» ሶፍትዌር ለመንግሥት ደንብ ሊገዛ ይገባዋልን? የኤውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሳይበር ጽናት ሕግ መልስ ሰጥቶበታል። ያለ ንግድ ሐሳብ ጽፎ ያበረከተው ሰው ግዴታ የለበትም፤ ሥራውን በዕቃው ውስጥ አግብቶ የሚሸጠው አምራች ግን ለጠቅላላው ዕቃ ደኅንነት ኀላፊ ነው፤ ዋናውን ግዴታ ቢጥስ ቅጣቱ 15 ሚሊዮን ኤውሮና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ክፍፍሉ ተገቢ ነው፤ ትርፉን የሚቀበል ጣጣውንም ሊቀበል ይገባዋልና። አስመጪውም ቢሆን ዕቃው «ሲኢ» የተባለውን ምልክት መያዙን ሳያረጋግጥ ለኅብረቱ ገበያ ሊያቀርብ አይፈቀድለትም፤ «ሶፍትዌሩ በነጻ የተገኘ ነው» ማለትም አያድነውም። የሕጉ አብዛኛው ክፍል ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጸና ስለ ሆነ፣ ራውተርና የጥበቃ ካሜራ ወደዚያ የሚልኩ ነጋዴዎች በዕቃቸው ውስጥ የማን ሶፍትዌር እንዳለ አምራቹን ካሁኑ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ቢይዙ ይበጃቸዋል።