ያላቆምነውን ድንጋይ አናፍርስ

ዛሬ በጉባኤያችን መካከል ብዙም የማይነገር አንድ ጉዳይ ላነሣላችሁ እወዳለሁ። ይኸውም ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ትተዋቸው ስላለፉት ትክል ድንጋዮች፣ መቃብሮችና የዋሻ ሥዕሎች ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ የሚገኙት 36 የጢያ ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። በብዙዎቹ ላይ የሰይፍ ምስልና ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸዋል፤ በቁፋሮም በስፍራው የጥንት መቃብሮች ተገኝተዋል። ብዙ ትክል ድንጋዮች ያሉት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም እ.ኤ.አ. በ2023 ተመዝግቧል። ያልተመዘገቡትና ጠባቂ የሌላቸው ግን በየእርሻውና በየኮረብታው አሉ።

እነዚህ ስፍራዎች በሁለት መንገድ ይጎዳሉ። አንደኛው ቸልተኝነት ነው፤ ድንጋዩን ለአጥር ማንሣት፣ ወርቅ ይገኛል ብሎ መቃብር መቆፈር፣ ስምን በድንጋይ ላይ መቅረጽ። ሁለተኛው ግን እኛን አማኞችን በተለይ ይመለከታል፤ “ይህ የባዕድ አምልኮ ነው” ብሎ በመንፈሳዊ ቅንዓት ስም ማፍረስ ነው።

ጌዴዎንስ አላፈረሰም?

“ጌዴዎን የበኣልን መሠዊያ አፍርሶ የለም? ሕዝቅያስስ የናሱን እባብ ሰባብሮ የለም?” የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው (መሳ. 6፥25–32፤ 2ነገ. 18፥4)። ነገር ግን ልብ እንበል። ጌዴዎን በእግዚአብሔር ቀጥተኛ ትእዛዝ የገዛ አባቱን መሠዊያ አፈረሰ፤ ሕዝቅያስም የገዛ ሕዝቡ በዚያው ወቅት ያጥንለት የነበረውን ሰበረ። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን በጣዖት በተሞላችው አቴና መንፈሱ ቢበሳጭም መዶሻ አላነሣም። መሠዊያዎቻቸውን እየዞረ ተመለከተ፤ በአንዱ ላይ የተጻፈውንም የስብከቱ መነሻ አደረገው (ሐዋ. 17፥16–23)። በኤፌሶንም የከተማው ጸሐፊ የጳውሎስ ባልንጀሮች ቤተ መቅደስ ያልዘረፉ መሆናቸውን በአደባባይ መስክሮላቸዋል (ሐዋ. 19፥37)። ስለ እኛስ ጎረቤቶቻችን እንዲህ ሊመሰክሩ ይችሉ ይሆን?

የጣዖት አምላኪው ምስክርነት

የሞዓብ ንጉሥ ሞሳ በመጽሐፍ ቅዱስ ተጠቅሷል (2ነገ. 3፥4)። ይህ ሰው ካሞሽ ለተባለው ጣዖቱ ክብር ጽሑፍ የተቀረጸበት ድንጋይ አቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 አንድ ሚስዮናዊ በዛሬዋ ዮርዳኖስ፣ በዲቦን አገኘው። በዓመቱ ድንጋዩ የጠብ ምክንያት ሆነና የአካባቢው ሰዎች በእሳት አግለው ቀዝቃዛ ውኃ በማፍሰስ ሰባበሩት። ደግነቱ አስቀድሞ ወረቀት ተጭኖበት የጽሑፉ ቅጂ ተወስዶ ነበር። የተሰበሰበው ስብርባሪም ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የሉቭር ሙዚየም ይታያል።

በዚያ ድንጋይ ላይ የእስራኤል ንጉሥ የዖምሪ ስምና የእግዚአብሔር ስም ተጽፎ ይገኛል። ለካሞሽ የቆመ ድንጋይ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለሚናገሩት ዘመን ምስክር ሆነ! “የጣዖት ነው” ተብሎ ተፈጭቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ምስክር ዝም ባለ ነበር።

የጥንት ዕቃ የሚናገረው ደግሞ በተገኘበት ስፍራ ሲጠና ነው። አንድ ገንቦ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ፣ አጠገቡ ምን ዓይነት አጥንትና ከሰል እንደነበረ ሲታወቅ ዘመኑና ታሪኩ ይገለጣል። ተነቅሎ ቤት ከገባ ግን ባዶ ገንቦ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

• የወጣቶች ጉዞ ስታዘጋጁ አስቀድማችሁ ምከሩ። ማንም ስሙን ወይም ጥቅስ በድንጋይ ላይ አይጻፍ። የዋሻ ሥዕል ጎልቶ እንዲታይ ብላችሁ ውኃ አትርጩ፤ በጠመኔም አትከተሉት፤ በእጅም አትንኩት።

• ለጸሎት ቤት ወይም ለመኖሪያ መሠረት ስታስቆፍሩ አጥንት፣ የሸክላ ስብርባሪ ወይም የተቀረጸ ድንጋይ ከወጣ ሥራውን አቁሙ፤ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ይህን ግዴታ አድርጎ ደንግጓል።

• ከውጭ አገር ለሚመጡ ዘመዶች ስጦታ ብላችሁ የጥንት ሳንቲም ወይም ከመቃብር የወጣ ዕቃ አትግዙ። ገዢ ካለ ቆፋሪ አይጠፋም።

• ሽማግሌዎችና መጋቢዎች ሆይ፣ በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ስፍራ ካለ ከቀበሌውና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ሆናችሁ ጥበቃውን አግዙ።

እናቶችና አባቶች፣ እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ አሥራ ሁለት ድንጋይ ያቆሙት ልጆቻቸው ወደፊት ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ የጌታን ሥራ እንዲነግሯቸው ነበር (ኢያ. 4፥6–7)። የእኛም ልጆች ይጠይቃሉ። የጢያን ድንጋይ ማን እንዳቆመው፣ ሰዎቹ ምን ያምኑ እንደነበር ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ ድንጋዩን እያሳየን ስለ ሕያው አምላክ ልንነግራቸው እንችላለን። የአባቶችን የድንበር ምልክት አናንሣ (ምሳ. 22፥28)። ለድንጋይ አንሰግድም፤ የሌላውን አደራ ግን አናጠፋም። ጌታ ማስተዋሉን ያብዛልን። አሜን።