ቻርልስ ስታይንሜትዝ፦ ተለዋዋጩን ኮረንቲ በቀመር የገራ ሊቅ

ማታ ማብሪያውን ስንጫን ቤታችንን የሚያበራልን ኮረንቲ፣ እንደ ወንዝ ውሃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚወርድ ሳይሆን፣ በአገራችን በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ በአሜሪካ ደግሞ 60 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። ይህን ዕረፍት የሌለውን ምልልስ መሐንዲሶች ሽቦ ሳይዘረጉና ብረት ሳያቀልጡ በፊት በወረቀት ላይ አስልተው እንዲያውቁት መንገድ ያበጀላቸው ሰው፣ ቁመቱ ከአራት ጫማ እምብዛም የማያልፍ፣ ከልደቱ ጀምሮ ጀርባው የጎበጠ፣ ከአገሩ ተሰዶ በባዕድ ምድር የኖረ ቻርልስ ፕሮቴዎስ ስታይንሜትዝ ነው።

የተወለደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ በምንከተለው፣ በ1865 ዓ.ም. ሚያዝያ 9 ቀን፣ ያን ጊዜ የፕሩሲያ ግዛት በነበረችው፣ ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው በብሬስላው ከተማ ነው። ጉብጠቱ ከአያቱና ከአባቱ የወረደ ነበር፤ እናቱም ገና በሕፃንነቱ ስለሞተች አሳዳጊው አያቱ ሆነች። በከተማዪቱ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ሲከታተል ጓደኞቹ ፕሮቴዎስ የሚል ቅጽል አወጡለት፤ ፕሮቴዎስ በግሪኮች ተረት መልኩን እየለዋወጠ የሚያመልጥ፣ የያዘው ሰው ግን የተሰወረውን ሁሉ የሚነግረው የባሕር ሽማግሌ ነው። የዶክተርነቱን መዓርግ ሊቀበል በተቃረበበት በ1888 ዓ.ም.፣ በሶሻሊስት ጋዜጣ ላይ ይጽፍ ስለነበር ፖሊስ እንደሚፈልገው ሰምቶ ወደ ዙሪክ ሸሸ፤ በማግሥቱም ዓመት በመርከብ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። የወደብ ሹማምንት ገንዘብ የሌለውንና ቋንቋቸውን የማያውቀውን ይህን ጎባጣ ወጣት ሊመልሱት እንደነበርና፣ አብሮት የተጓዘ ወዳጁ ዋስ ሆኖ እንዳስገባው ይነገራል።

በዮንከርስ ከተማ የሩዶልፍ አይክማየር ፋብሪካ በሳምንት 12 ዶላር እየከፈለ በንድፍ ሠራተኝነት ቀጠረው፤ ሁለተኛው ልደቱ የተፈጸመውም በዚሁ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሆዱ ብረት ነው፤ ተለዋዋጩ ኮረንቲ ብረቱን በየቅጽበቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ማግኔት ሲያደርገው፣ ብረቱ እንደ እልኸኛ በቅሎ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ በመጎተቱም ይግላል፣ የሚወጣውም ሙቀት ከንቱ የባከነ ኃይል ነው። ሂስተሪሲስ የሚባለው ይህ የብረቱ ወደ ኋላ መጎተት ነው። በዚያ ዘመን ሠሪው ሞተሩን ሠርቶ እስኪጨርስ ድረስ ምን ያህል እንደሚግል አያውቅም ነበር፤ ከጋለበትም አፍርሶ እንደገና ይሠራል። ስታይንሜትዝ ግን የብዙ ሙከራዎችን ልኬት ሰብስቦ ከመረመረ በኋላ፣ ብክነቱ በማግኔቱ ጥግግት 1.6ኛ ኃይል ልክ ከፍ እንደሚል፣ ይኸውም ጥግግቱ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚሆን፣ በ1892 ዓ.ም. ለአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር አስረዳ። ዕድሜው ገና 26 ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ በሊቃውንቱ መካከል ታወቀ። በማግሥቱ ዓመት ጄኔራል ኤሌክትሪክ የአይክማየርን ድርጅት ገዛ፤ ስታይንሜትዝም ከግዢው ጋር ወደ ኩባንያው ገብቶ፣ ብዙም ሳይቆይ በስከኔክታዲ ከተማ ሰፍሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያ ተቀመጠ።

ሕዝብ የሚያስታውሰው በኋላ በሠራው ሰው ሠራሽ መብረቅ ነው፤ እኔ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ ለዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ያቀረበው ጽሑፍ ነው እላለሁ። በተለዋዋጭ ኮረንቲ ግፊቱና ፍሰቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቅጽበት አይደርሱም፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል፤ ስለዚህ መሐንዲሱ ሁለቱን በየቅጽበቱ እየተከተለ ረቂቅና አድካሚ ስሌት መሥራት ነበረበት። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ አጽዋማትንና በዓላትን ለማውጣት ሌሊቱን ሁሉ ጨረቃን ሲጠብቅ እንደማያድር፣ አበቅቴውንና መጥቅዑን ካወቀ የዓመቱን ነገር ተቀምጦ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ስታይንሜትዝም የሚወዛወዘውን ኮረንቲ በሁለት ቋሚ ቁጥሮች ወከለው፤ አንደኛው እንደ ወትሮው ቁጥር፣ ሁለተኛው በራሱ ሲባዛ አሉታዊ አንድ በሚሰጠው፣ የሒሳብ ሰዎች ምናባዊ በሚሉት ቁጥር የተባዛ ነው። በዚህ ዘዴ ያ ሁሉ ድካም ተማሪ ወደሚችለው መደመርና ማባዛት ወረደ። የሒሳብ ሊቃውንት ለብቻቸው ሲያሰላስሉት የኖሩት ምናባዊ ቁጥር ወደ ፋብሪካ ወርዶ ሞተር ማዞር መቻሉ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

በመጀመሪያ ግን የተረዱት ጥቂቶች ነበሩ። እርሱም ሰው አልገባውም ብሎ አልተቀየመም፤ በ1897 ዓ.ም. ስለ ተለዋዋጭ ኮረንቲ መጽሐፍ አሳተመ፣ ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮም በዩኒየን ኮሌጅ ወንበር ዘርግቶ አስተማረ። በዚያው ዓመት ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የክብር መዓርግ ሰጠው።

ደዌው በዘሩ እንዳይወርድ ሰግቶ ሳያገባ ኖረ ይባላል። ነገር ግን ቤቱ ባዶ አልነበረም፤ ጆሴፍ ሄይደን የሚባል ረዳቱን ከነሚስቱ ወደ ቤቱ አምጥቶ በሕግ ልጁ አደረገው፣ የሄይደንም ሦስት ልጆች በዚህ ሰው ጉልበት ላይ አደጉ። ሶሻሊስትነቱንም አልተወም፤ ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው የትምህርት ቦርድ ሊቀ መንበር ሆኖ ለሕፃናቱ ትምህርት ቤት እንዲጨመር ደከመ።

በበጋ በሞሃውክ ወንዝ አጠገብ በሠራው ጎጆ ይቀመጥ ነበር፤ ታንኳውን በወንዙ ላይ አቁሞ፣ በላዩ ሳንቃ አጋድሞ፣ ስሌቱን በዚያ ይጽፋል። አንድ ቀን መብረቅ ጎጆውን መታውና መስተዋቱን ሰባበረው። ሌላ ሰው ቢሆን ስብርባሪውን ጠርጎ በጣለ፤ እርሱ ግን ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ለቅሞ በሁለት መስታወቶች መካከል ገጣጠመውና መብረቁ የሄደበትን መንገድ መረመረ። በ1922 ዓ.ም. በቤተ ሙከራው 120,000 ቮልት የሚያፈነዳ ሰው ሠራሽ መብረቅ ሠርቶ ለሕዝብ አሳየ፤ ሽማግሌው የፈጠራ ሰው ኤዲሰንም ሊያየው መጣ። ዓላማው ትርኢት አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ መስመሮችን ከመብረቅ የሚከላከለውን መሣሪያ ዝናብ ሳይጠብቁ ለመፈተን ነበር።

በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት 26 ቀን ጠዋት፣ በ58 ዓመቱ፣ በአልጋው ላይ እንደተኛ ዐረፈ፤ የተቀበረውም በስከኔክታዲ ነው። ዛሬም በማንኛውም አገር የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ የተለዋዋጭ ኮረንቲን ስሌት የሚጀምረው በዚያው በቺካጎ ባቀረበው ዘዴ ነው።