ኮንክሪትን የሚያደቅቀው መዶሻ

ልደታ ኮንዶሚኒየም የቆመው ከዓመታት በፊት በፈረሰ አሮጌ ሰፈር ላይ ነው። የጭቃ ግድግዳ በዶማ ይናዳል፤ ኮንክሪት ግን ለዶማ እጅ አይሰጥም። ስለዚህ ዛሬ በዚያው ግቢ ሳሎኑን ማስፋት የፈለገ ነዋሪ ጃክ ሀመር ያስመጣል፤ ድምፁም ከአንዱ ፎቅ ተነስቶ ብሎኩን በሙሉ ያዳርሳል።

የጃክ ሀመር ጉልበት ያለው በመደጋገሙ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት ውስጡ ያለው ሞተር አንድ ፒስተን ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። ፒስተኑ መሮውን አይነካም። ከፊቱ የታፈነው አየር ይታመቅና ሌላ የብረት መምቻ ያስፈነጥራል፤ የመሮውን ጀርባ የሚመታው ይህ ብረት ነው። ምቱ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። በታመቀ አየር መምታት የቆየ ዘዴ ነው፤ በ1871 እ.ኤ.አ. የተከፈተው፣ ጣሊያንንና ፈረንሳይን በአልፕስ ተራራ ሥር ያገናኘው የፍሬዡስ ዋሻም አለቱ የተበሳው በታመቀ አየር በሚሠራ መሣሪያ ነበር።

ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ ነው፣ ሲስቡት ግን ደካማ። መሳብን የሚቋቋምበት አቅም መጫንን ከሚቋቋምበት 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። መሮው ሲገባ ኮንክሪቱን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ተከታዩ ምት ያሰፋዋል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከመሃል አይጀምርም፣ ቁራሹ የሚሸሽበት ክፍት ቦታ እንዲያገኝ ከጠርዝ ይነሳል። ውስጡ ፌሮ ካለ ግን ኮንክሪቱ ደቅቆም ብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ያኔ ብረቱን በግራይንደር መቁረጥ ግድ ይሆናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ፌሮ ነው። የእንዲህ ያለ ሕንፃ ክብደት ያረፈው በኮለንና በቢም ላይ ነው፤ ክፍል ከክፍል የሚለየው ብሎኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው ራሱን ብቻ ነው። ልስን ከለበሱ በኋላ ግን ሁለቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ብሎኬት መስሎት ኮለን የቦረቦረ ሰው ከላይም ከታችም ያሉትን ጎረቤቶቹን ቤት ነክቷል። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግሉንና የጋራውን ለይቶ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንዲህ ያለ ሕንፃ መሮው ፌሮ ካገኘ፣ ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ሥራው መቆም፣ መሐንዲስም መጠራት አለበት። በግድግዳው ውስጥ የሚያልፉት የመብራት መስመርና የውሃ ቧንቧም አስቀድመው መዘጋት አለባቸው።

ሠራተኛውን ደግሞ አንርሳ። የኮንክሪት አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባን ይጎዳል፤ ማሽኑን ሳያርሱ የሚመታውን ቦታ በውሃ ማርጠብ አቧራውን ይቀንሰዋል፣ ማስክና የጆሮ መከላከያም የግድ ያስፈልጋሉ። ንዝረቱ ለዓመታት ሲደጋገም የጣቶችን ደም ሥርና ነርቭ ያበላሻል። ስለዚህ አሠሪው የቀኑን ሒሳብ ሲቆርጥ የዕረፍቱን ሰዓትም አብሮ ያስብ።