ስለ ቀድሞው የቅርጫት ኳስ ጫማ ምቾት

እግር የሰውነት መሠረት ነው፤ ጫማም የእግር ቤት ነው። ቤቱ የጠበበው እግር በሰፊ ጎዳና ላይ ቢሄድም ዕረፍት አያገኝም። ስለዚህ ጫማ በሚገዛበት ጊዜ ከመልኩ ይልቅ ምቾቱን አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ከመገናኛ ወደ ኮተቤና ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ የሚመላለሱትን ወጣቶች እግር የተመለከተ ሰው፥ ቀድሞ ለቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የተሠራውን ዓይነት ጫማ ተጫምተው ያያል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ዓ/ም ኮንቨርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦል ስታር የሚባለውን የሸራ ጫማ አወጣ። በ1969 ዓ/ም አዲዳስ ሱፐርስታርን ከቆዳ ሠራ፤ በ1982 ዓ/ም ደግሞ ናይክ ኤር ፎርስ ዋን በተባለው ጫማ ሶል ውስጥ አየር የያዘ ከረጢት ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ተጫዋቾች የቀለለ ጫማ ስላገኙ፥ እነዚህ ከሜዳ ወጥተው የመንገድ ጫማ ሆኑ።

የቆዳዎቹ ሶል ሰፊና ደልዳላ የሆነው፥ ዘሎ ለሚያርፍ ተጫዋች ስለ ታሰበ ነው። ይኸው ደልዳላነት ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውል መምህር ወይም ባለሱቅ ይስማማል። ነገር ግን ቆዳው አዲስ ሲሆን ይደርቃል፤ ክብደትም አለው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቤት ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየተጫሙ ማለማመድ ይሻላል። የሸራው ቀላል ቢሆንም ሶሉ ስስ ስለ ሆነ ጠጠር ይሰማል። ሶሉ ያለቀ ጫማም በክረምት ጭቃ በኮተቤ ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል።

ወላጆች ሆይ፥ ከሁሉ ይልቅ ልታስቡበት የሚገባ ነገር ይህ ነው፤ ልጅ የተመኘውን ጫማ ካገኘ ቢጠበውም አይናገርም፤ እንዳይወሰድበት ይፈራልና። ሆኖም የልጅ አጥንት ገና ያልጠና ስለ ሆነ፥ ጠባብ ጫማ ጣቶቹን ሊያጣምም ይችላል። «ያድግበታል» ተብሎ እጅግ ሰፊ ቢገዛም ተረከዙ እየተንሸራተተ ይላጣል። ስለዚህ እግር ትንሽ በሚያብጥበት በማታ ጊዜ፥ ልጁ ካልሲ አድርጎ ሁለቱንም ጫማ ይሞክር፤ ቁሞም ሳለ ከረዥሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል መቅረቱን በእጃችሁ ዳስሱ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለ፥ በችኮላ የተገዛ ጫማ በቶሎ ያስጸጽታል።

ዝናብ ያራሰውን ጫማ ከከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፥ ማስቲሹም ይለቃል። ውስጡን በአሮጌ ጋዜጣ ሞልታችሁ በጥላ ሥር አድርቁት፤ ይህም ጋዜጣ ከተነበበ በኋላ ለዚሁ ሊያገለግል ይችላል።

ለጫማ ስም የሚከፈለው ገንዘብ ነው፤ ለጠባብ ጫማ የሚከፍለው ግን እግር ነው።