ሁለት ቀለም ብቻ ያለው ስክሪን ፎቶ እንዴት ያሳያል?

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ የሰው ፊት አጥርቶ ሲያሳይ የሚታይበት ቪዲዮ ብቅ ባለ ቁጥር ሁለት ወሬ አብሮ ይነሣል። አንዱ «ቅንብር ነው፤ ያ ማሽን ከጥቁርና ከነጭ በቀር ምን ያውቃል?» ይላል። ሌላው «ማሽኑማ ግራጫ ነበረው፤ ሰው ሳያውቅበት ቀረ እንጂ» ይላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ጨርሶ ስሕተት። ሁለቱም ግን ዋናውን ጥያቄ ዘለውታል።

መነሻውን ቶሎ ልበለውና ልለፍ። ስክሪኑ 9 ኢንች ሲሆን በአግድም 512፣ በቁመት 342 ፒክስል አለው። ለአንድ ፒክስል የተመደበው አንድ ቢት ነው፤ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ። ድምሩ 21,888 ባይት ይሆናል፤ ከ128 ኪሎባይቱ ሜሞሪ አንድ ስድስተኛው ማለት ነው። ለግራጫ የተተወ ቦታ የለም። (ባለአንድ ቀለም የሚባሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ግን አንድ አይደሉም። በ1988 የወጣው ኔክስት በጥቁርና በነጭ መካከል ሁለት ግራጫ ነበረው። የአይቢኤም የ1981 ባለአንድ ቀለም ካርድ ደግሞ ፊደልና ምልክት እንጂ ነጥብ በነጥብ ሥዕል አያወጣም ነበር። ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት ነው ወሬውን የሚያራባው።)

የዛሬ ስልክ የሚያነሣው ባለ12 ሚሊዮን ፒክስል ፎቶ ተዘርግፎ ሲቀመጥ 36 ሚሊዮን ባይት ይፈልጋል፤ ከማኪንቶሹ ሜሞሪ 270 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በሌላ ኮምፒውተር መጠኑ ይቀነሳል፤ ቀለሙም ወደ ብሩህነት ልክ ይለወጣል። አሁን እያንዳንዱ ፒክስል ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) የሚደርስ ቁጥር ይዟል። እዚህ ድረስ ተራ ሥራ ነው።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ከ128 በታች ያለውን ሁሉ ጥቁር፣ የቀረውን ነጭ ብናደርግ ጉንጭና ግንባር ተዋሕደው የኖራ ልጥፍ ይሆናሉ። ሮበርት ፍሎይድና ሉዊስ ስታይንበርግ በ1976 ያሳተሙት መላ ግን ስሕተቱን አይጥለውም። ዝርዝር የጠፋበት ባለሱቅ አስቡ፤ ሂሳቡን ወደ ሙሉ ብር ያጠጋጋና ልዩነቱን «ለሚቀጥለው ይያዝ» ይላል። በአንዱ ቀን ይጎድላል፣ በሌላው ይተርፋል፤ በወሩ መጨረሻ ሂሳቡ ይገጥማል። እዚህም ፒክስሉ ሲጠጋጋ የቀረው ልዩነት ገና ወዳልተነኩት ጎረቤቶቹ ይተላለፋል።

ማክፔይንት የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም የጻፈው የአፕሉ ቢል አትኪንሰን የራሱን ስልት አበጀ፤ እኔም የምወደው ይኼንን ነው። ልዩነቱ ለ8 ይካፈላል። ከዚያ አንድ አንድ ድርሻ ለስድስት ጎረቤቶች ይሰጣል፦ በቀኝ ላሉት ሁለት፣ ከታች ባለው ረድፍ ለሦስት፣ ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ ለአንድ።

በቁጥር እንየው። አራት ተከታታይ ፒክስሎች እያንዳንዳቸው 100 ቢሆኑ፣ የመጀመሪያው ከ128 ስለሚያንስ ጥቁር ይሆናል፤ የተረፈው 100 ለ8 ተካፍሎ 12 ይወጣዋል (ክፍልፋዩን ትተን)። ሁለተኛው 112 ይሆንና እሱም ይጠቁራል፤ 14 ያስተላልፋል። ሦስተኛው ከሁለቱም ተቀብሎ 126 ይደርሳል፤ ለጥቂት ይጠቁርና 15 ይሰጣል። አራተኛው 100 ሲደመር 14 ሲደመር 15፣ 129 ሆነ፤ ነጭ! አሁን ደግሞ ከሚገባው 126 ያህል ተርፎ ስለበራ ጎረቤቶቹ 15 15 ይቀነስባቸዋል። ከሦስት ጥቁር በኋላ አንድ ነጭ የመጣው ማንም ስላዘዘው ሳይሆን ሂሳቡ ስለሞላ ነው።

ለዚያ ማሽን ይህ ስሌት ቀላል ነው። ለ8 ማካፈል ቢቶችን ሦስት ቦታ ማንሸራተት ብቻ ነው፤ የቀረው መደመር። የፍሎይድና የስታይንበርግ ድርሻዎች ግን 7፣ 3፣ 5 እና 1 ከ16 ስለሆኑ ማባዛት ይጨምራሉ። የአትኪንሰን ስልት ሜሞሪም አይበላም፤ በአንድ ጊዜ ሦስት ረድፍ ከተያዘ ይበቃል።

አስተዋይ አንባቢ አንድ ነገር ሳይታዘብ አልቀረም፦ ስድስት ስምንተኛው ሲታደል የቀረው ሩብ የት ገባ? ተጣለ። በዚህም ጥልቅ ጥላ ድፍን ጥቁር፣ ደማቅ ብርሃን ድፍን ነጭ ይሆናል፤ መሃሉ ግን ጠርቶ ይወጣል። ይህን ጉድለት የሚሉት አሉ፤ የሚወቀስበትም ቦታ አለ፤ ጭጋጋማ ተራራ ያለበት ፎቶ ይበላሻል። እኔ ለሰው ፊት እመርጠዋለሁ፤ ምርጫው ግን የዓይን ጣዕም እንጂ የሒሳብ ፍርድ አይደለም። ደግሞም በፋይል ውስጥ ያለው 128 የነጭን ግማሽ ብርሃን አይሰጥም፤ ወደ 22 በመቶ ነው። ይህ ሳይስተካከል የተሠራ ምስል ከሚገባው በላይ ይነጣል፤ የካቶድ ስክሪን ደግሞ ለብቻዋ የቆመች ነጭ ነጥብን ሊያደበዝዝ ስለሚችል የሒሳቡ ውጤት ስክሪኑ ላይ እንዳለ አይገኝም።

ታዲያ በቪዲዮው የሚታየው ግራጫ ከየት መጣ? በ72 ነጥብ በኢንች አንድ ነጥብ 0.35 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አላት። ጤነኛ ዓይን ነጥቦቹን ለይቶ ማየት የሚያቆመው ከ1.2 ሜትር ገደማ ርቆ ሲቆም ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ለተቀመጠ ሰው ነጥቡም ግራጫውም አብረው ይታያሉ። ስልክ ግን ቪዲዮውን ሲያሳንስ ጥቁሩንና ነጩን አማክሎ እውነተኛ ግራጫ ይፈጥራል። ግራጫውን የሠራው የዛሬው ስልክ ነው፤ የት እንደሚቀመጥ የወሰነው ግን የነጥቦቹ አደራደር ነው።

እናንተም መሞከር ከፈለጋችሁ መጠኑን መጀመሪያ ቀንሱ፣ ነጥቡን ከዚያ በኋላ ሥሩ፤ ከተሠራ በኋላ ማሳነስ ልፋቱን ያጠፋል። ስታስቀምጡም በፒኤንጂ ወይም በጂፍ ይሁን። ጄፔግ በየነጥቡ ዳር ግራጫ ይጨምርና ያንኑ «ቅንብር ነው» ባይ እንደገና ይጠራባችኋል።